ስልክ «የሚያጸዳ» መተግበሪያ፦ በሁለት ስልኮች ላይ የሦስት ሳምንት ሙከራ

አክስቴ ማታ ከመተኛቷ በፊት በሩን ትቆልፋለች፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ትዘጋለች፣ ከዚያ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታጸዳለች። ማጽዳት የምትለው በጨርቅ መወልወልን ሳይሆን፣ ስልኩን ስትገዛ የሱቁ ልጆች የጫኑላትን አንድ ነጻ መተግበሪያ መክፈትን ነው። መተግበሪያው ሲከፈት ማያው መሐል ላይ ትልቅ ክብ ይወጣል፤ በክቡ ውስጥ «78 በመቶ ተይዟል» የሚል ጽሑፍ በቀይ ይበራል፤ ከሥሩ «አሁኑኑ አጽዳ» የሚል ቁልፍ አለ። ቁልፉ ሲነካ የመጥረጊያ ሥዕል ከዳር እዳር ይመላለሳል፣ የመተግበሪያዎቹ ምልክቶች አንድ በአንድ እየበነኑ ይጠፋሉ፣ በመጨረሻም ቀዩ ክብ አረንጓዴ ሆኖ «1.1 ጊጋባይት ተለቅቋል» ይላል። ወዲያው ማስታወቂያ ይከተላል። አክስቴ ማስታወቂያው ዳር ላይ ያለችውን ትንሽ የኤክስ ምልክት በትዕግሥት ጠብቃ ትነካና ስልኩን ትራስጌዋ አስቀምጣ ትተኛለች።

ይህን ልማድ ይዛ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ብቻዋንም አይደለችም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ስልኩን ኪሱ ከመክተቱ በፊት የከፈታቸውን አፖች አንድ በአንድ ወደ ላይ እየገፋ ሲዘጋ በየቀኑ አያለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥም «ስልክሽ የሚሞቀው ከጀርባ የተከፈተ ነገር ስላለ ነው፣ ዝጊው» የሚል ምክር ተሰጥቶኝ ያውቃል። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት የሞከርኩት መተግበሪያውን ብቻ ሳይሆን የቆመበትንም ሐሳብ ነው፤ ከጀርባ የቀሩ አፖችን መዝጋት ስልክን ያፈጥናል፣ ባትሪም ይቆጥባል የሚለውን። የመተግበሪያውን ስም አልጠቅስም፤ በተመሳሳይ ክብ፣ በተመሳሳይ መጥረጊያና በተመሳሳይ ቃል የሚሠሩ ብዙ አምሳያዎች ስላሉት የምጽፈው ለዓይነቱ ሁሉ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የሞከርኩባቸው ስልኮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው 3 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ አፖች የሚቀመጡበት ማህደረ ትውስታ) ያለውና በአንድሮይድ 10 የሚሠራው የአክስቴ ስልክ ነው፤ ሁለተኛው 4 ጊጋባይት ራም ያለውና ወደ አንድሮይድ 14 ያሳደግኩት የራሴ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ14 ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ራም የሚባለው ማህደረ ትውስታ ባዶ ሲሆን ይሻላል ከሚል ግምት ነው። ቤት በዕቃ ሲሞላ መተላለፊያ ስለሚጠፋ ስልክም ሲሞላ ይንቀራፈፋል ብሎ ማሰብ የማንም ጥፋት አይደለም። ግምቱ ፎቶና ቪዲዮ ለሚቀመጥበት ማከማቻ እውነትነት አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ለራም ግን አይሠራም። ራም በውስጡ ያለው መረጃ እንዳይጠፋ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ራሱን በኤሌክትሪክ ያድሳል፤ ይህንንም የሚያደርገው ቢሞላም ባይሞላም ነው። ስለዚህ 1.1 ጊጋባይት «መልቀቅ» በራሱ ከባትሪው ላይ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ባዶ የተቀመጠ ራምም ገንዘብ ተከፍሎበት ሥራ የፈታ ዕቃ ነው።

የተያዘው ራም ምን እንደሚሠራ ለአክስቴ ያስረዳኋት በምጣድ ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ከመውጣቱ በፊት ምጣዱ መጋል፣ በጎመን ዘር መታሰስ አለበት፤ ጊዜውን የሚበላውም፣ መብራቱን የሚበላውም ይኸው ነው። ከጋለ በኋላ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይከተላል። በእያንዳንዱ እንጀራ መሐል ምጣዱን አጥፍታ፣ አቀዝቅዛ፣ እንደገና የምታግል ጋጋሪ የለችም። ስልክም አንድን መተግበሪያ ከዜሮ ሲያስነሣ ፋይሎቹን ከማከማቻው ማንበብ፣ ወደ ራም ማምጣት፣ ማያውን መሥራት፣ ከኢንተርኔት የሚፈልገውን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለዚህም አንጎለ ኮምፒውተሩ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። መተግበሪያው ራም ላይ ተቀምጦ ከጠበቀ ግን ይህ ሁሉ ተሠርቶ ያደረ ሥራ ነው። ጉግል ለመተግበሪያ ሠሪዎች ያወጣው መለኪያም ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል፤ ከዜሮ የሚነሣ መተግበሪያ ዘገምተኛ ተብሎ የሚመዘገበው 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲፈጅ ነው፤ ራም ላይ ሙሉ በሙሉ ያለ መተግበሪያ ግን 1.5 ሰከንድ ከደረሰ ዘገምተኛ ይባላል።

በአክስቴ ስልክ ላይ ይህን በሰዓት ቆጣሪ ለካሁት። ቴሌግራም ከጽዳቱ በኋላ ሲከፈት መልእክቶቹ እስኪታዩ ስድስት ሰከንድ ያህል ጠበቅኩ፤ ሳይጸዳ ወደ ዋናው ገጽ ወጥቼ ስመለስ ግን ጣቴን ሳነሣ ተከፍቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አክስቴ እንደ ልማዷ አራት አፖችን ከከፈተች በኋላ የማጽጃውን ክብ አየሁት፤ «76 በመቶ ተይዟል» ይላል፤ አሁንም ቀይ ነው። ማታ የተለቀቀው ራም የምትጠቀምባቸውን አፖች ለማስነሣት ጠዋት ተመልሶ ተይዟል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ አፕ ከቅዝቃዜ ስለተነሣ ጠዋቷን በመጠበቅ ማሳለፏ ነው። ቀይ ቀለሙም ሥራውን ይሠራል፤ ያየ ሰው ሁሉ እንደገና መንካት ያምረዋል።

«ታዲያ ራሙ በእውነት ሲሞላስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ የስልኩ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ራም ሲያንሰው የሚነቃ፣ ሥራው መዝጋት ብቻ የሆነ ክፍል አለው። ይህ ክፍል አፖችን በደረጃ ይሰልፋቸዋል። በዓይን የሚታየው አፕ ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ ያገኛል፤ ሙዚቃ እንደሚያጫውት ወይም መንገድ እንደሚመራ ያለው፣ ባይታይም በሥራ ላይ ያለው፣ ከእሱ ቀጥሎ ነው፤ ተጠቃሚው ትቷቸው የወጣቸውና ዝም ብለው የተቀመጡት ከታች ናቸው። ቦታ ሲያስፈልግ የሚዘጋው ከታች ጀምሮ፣ ብዙውን ጊዜም ከነካነው ረዥም ጊዜ ያለፈውን አስቀድሞ ነው። የማጽጃው ቁልፍ ይህን ማስተዋል አያውቅም፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት የተጠቀምንበትንም፣ ካለፈው ሳምንት የቀረውንም አንድ ላይ ይጠርጋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ከአንድሮይድ መሐንዲሶች አንዷ የሆነችው ዳያን ሃክቦርን እ.ኤ.አ. በ2010 ለመተግበሪያ ሠሪዎች በጻፈችው ማብራሪያ፣ ተጠቃሚው ትቶት የወጣ መተግበሪያ ወዲያው እንደማይዘጋና ራሙ ለሌላ እስኪፈለግ ድረስ ሆን ተብሎ እንዲቆይ እንደሚደረግ አስረድታ ነበር። በአይፎን በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ ደንበኛ በወቅቱ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለነበረው ለቲም ኩክ ኢሜይል ልኮ፣ እርሱ ራሱ አፖችን ዘወትር ይዘጋ እንደሆነና ለባትሪ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀ። መልሱን የሰጠው የአፕል የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌዴሪጊ ነበር፤ ለሁለቱም ጥያቄዎች «አይ» አለ። በዚያው ሰሞን የአንድሮይድ ኃላፊ የነበረው ሂሮሺ ሎክሃይመርም፣ የስልኩ ሥርዓቶች ራሳቸው ትክክለኛውን እንዲያደርጉ ስለተሠሩ በእጅ መዝጋት ነገሩን በመጠኑ ሊያባብስ እንደሚችል ጻፈ። በገበያ ተፎካካሪ የሆኑ ሁለት ኩባንያዎች በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ሲስማሙ ብዙ አላየሁም። አፕል ዛሬም ለተጠቃሚዎቹ የሚሰጠው ምክር፣ አፕ በግድ የሚዘጋው አልንቀሳቀስ ሲል ብቻ ነው የሚል ነው፤ ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን አይፎን ይዞ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሲገፋ የሚውል ሰው ይህን ቢያውቅ ጣቱን ያሳርፍ ነበር።

በራሴ ስልክ ላይ ያገኘሁት ውጤት ይብሳል። እንዲህ ያሉ ማጽጃዎች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ትእዛዝ አንድ መተግበሪያ የሌሎችን የጀርባ ሥራ እንዲያቆም የሚፈቅድ ነበር። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ግን ይህ ትእዛዝ የሚያቆመው ትእዛዙን የሰጠውን መተግበሪያ የራሱን ሥራ ብቻ ነው፤ ሌላውን መንካት አይችልም። ስለዚህ በእኔ ስልክ ላይ መተግበሪያው የጠየቀኝን ተጨማሪ ፈቃድ ከልክዬ ቁልፉን ስነካ፣ መጥረጊያው ተመላለሰ፣ ምልክቶቹ በነኑ፣ ክቡ አረንጓዴ ሆነ፣ «840 ሜጋባይት ተለቅቋል» አለ። ወዲያው ስለ ስልኩ የሚገልጸው ክፍል ውስጥ የግንባታ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ በመንካት የሚከፈተውን የገንቢ አማራጮች ገጽ ከፍቼ፣ በሥራ ላይ ያሉትንና ተቀምጠው የሚጠብቁትን አፖች ዝርዝር አየሁ። ቴሌግራም እዚያው ነው። ካርታው እዚያው ነው። ቁልፉን ከመንካቴ በፊት በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኳቸው አፖች በሙሉ እዚያው ናቸው። አረንጓዴው ክብ ያልተደረገን ነገር ተደርጓል ብሎ ነግሮኛል፤ ለዚህ ከልብ አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም የማረጋግጥበትን መንገድ እኔ ባውቅም አክስቴና እንደ እሷ ያሉ ብዙ ሺህ ሰዎች አያውቁትም።

የከለከልኩት ተጨማሪ ፈቃድ የተደራሽነት ፈቃድ የሚባለው ነው። ይህ ፈቃድ በመሠረቱ የተሠራው ማየት ለተሳናቸው ወይም እጃቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ሲሆን፣ የተሰጠው መተግበሪያ ማያው ላይ የተጻፈውን ማንበብና በሰው ፈንታ ቁልፎችን መንካት ይችላል። ማጽጃው ይህን ፈቃድ የሚፈልገው እያንዳንዱን አፕ በቅንብሮች ውስጥ ከፍቶ «ፎርስ ስቶፕ» (በግድ አቁም) የሚለውን ቁልፍ ራሱ እንዲነካ ነው። በአክስቴ ስልክ ላይ የሱቁ ልጆች ሲጭኑት ፈቃዱን ሰጥተውት ሄደዋል። በዚያው ስልክ ላይ ቴሌብር አለ፣ የባንክ መተግበሪያም አለ። መጥረጊያ እንዲሆን የተጫነ ነገር ማያዋን የማንበብ ሥልጣን ይዞ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ማንበብና አለማንበቡን አላረጋገጥኩም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም ነበር።

ከሁሉ በላይ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን የጥሪው ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። ሰዓቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ የምትገባው ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ለእናቷ የምትደውለውም ያኔ ነው፣ በኢሞ። አክስቴ ደግሞ ስልኳን የምታጸዳው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ ጥሪው ሲመጣ ስልኩ ትራስጌ እያለ አይጠራም። ጠዋት አክስቴ ኢሞን ስትከፍት «ያመለጠ ጥሪ» የሚል ሁለትና ሦስት መስመር ታያለች፤ ልጅቷ ደግሞ እናቷ እያየች የማታነሣ እየመሰላት ታድራለች። ይህ ነገር ወራት ቆይቷል። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ዘንድ ቡና ልጠጣ በሄድኩበት፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን ስልክ እዪልኝ፤ እሷ ደወልኩ ትላለች፣ እኔ አልሰማሁም፤ ሰዓቱን አሳስታ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን አልረሳውም።

ምክንያቱ ኢሞ አልነበረም፤ ኔትወርኩም አልነበረም። በአንድሮይድ ላይ የኢንተርኔት ጥሪ ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ በጉግል አገልግሎት በኩል አጭር የማንቂያ መልእክት ወደ ስልኩ ይደርሳል፤ ያ መልእክት የተኛውን መተግበሪያ ቀስቅሶ ደወሉን ያስደውላል። በተለመደው መንገድ ትተነው የወጣነው አፕ፣ ራም ላይ ባይኖርም እንኳ፣ በዚህ መልእክት መንቃት ይችላል። በፎርስ ስቶፕ የቆመ አፕ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥርዓቱ ባለቤቱ ሆን ብሎ እንዳቆመው ስለሚቆጥር፣ በእጅ እስኪከፈት ድረስ ማንቂያውን አያደርስለትም። አክስቴ ማታ ማታ ቁልፉን ስትነካ፣ መጥረጊያው በእሷ ፈንታ ለኢሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ከራሴ ስልክ አምስት ጊዜ ደውዬ ፈተንኩት፤ ከጽዳት በኋላ አምስቱም ጊዜ ስልኳ ዝም አለ። ኢሞን አንድ ጊዜ ከፍቼ ወደ ዋናው ገጽ ስወጣና ማያውን ስቆልፍ ግን አምስቱም ጊዜ ጠራ።

በተለመደው መንገድ ወደ ላይ ገፍቶ መዝጋት አምራቾች ባልለወጡት አንድሮይድ ላይ ይህን ያህል አይከፋም፤ አፑን ከራም ቢያወጣም ማንቂያ ከመቀበል አያግደውም። ሆኖም አንዳንድ አምራቾች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ሥርዓቱን ስለለወጡት፣ በስልኮቻቸው ላይ ወደ ላይ መግፋት ከፎርስ ስቶፕ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ያመጣል። በአይፎን ላይም ተጠቃሚው በግድ የዘጋው አፕ፣ እንደገና እስኪከፈት ድረስ ከጀርባ ራሱን ማደስ ያቆማል። ቤተሰቡ ጅዳ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ የሆነ፣ ስልኩም ለምን እንደማይጠራ ግራ የገባው ሰው፣ ኔትወርኩን ከመውቀሱ በፊት ይህን ልማዱን እንዲመረምር አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ባትሪው ልመለስ። አንድ ሳምንት እያጸዳሁ፣ አንድ ሳምንት ሳላጸዳ፣ በሁለቱም ስልኮች ማታ 3 ሰዓት ላይ የቀረውን ባትሪ ስመዘግብ ሰነበትኩ። የሁለት ስልክ መዝገብ ለሁሉም ሰው ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ቁጥሮቹን ከፍና ዝቅ ያደረገው ጽዳቱ እንዳልሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። ባትሪው ቶሎ ያለቀባቸው ቀናት ቪዲዮ የታየባቸው፣ ማያው በፀሐይ ብርሃን በሙሉ ድምቀት የበራባቸው፣ ከሁሉም በላይ ኔትወርክ የደከመባቸው ቀናት ናቸው። ስልክ ከአንቴና ርቆ ሲውል ድምፁን ለማሰማት የሬዲዮ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል፣ ደጋግሞም ይፈልጋል፤ መብራት ጠፍቶ በአካባቢው ያለው ጣቢያ ሲደክም ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ የሚሞቀው በዚህ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ አፕ ግን እንዲህ አይበላም። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ማለትም ከስድስተኛው ስሪት ወዲህ፣ ስልኩ ሳይነካ ሲቆይ የአፖችን የጀርባ ሥራና የኔትወርክ ጥያቄ ሰብስቦ በየተወሰነ ጊዜ ብቻ ይፈቅዳል። በ2018 የወጣው ዘጠነኛው ስሪት ደግሞ እምብዛም የማንከፍታቸውን አፖች ለይቶ ይበልጥ ይገድባል። በአንድሮይድ 14 ላይ ወደ ጀርባ የሄደ አፕ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለበት ይታገዳል፤ ራም ላይ ቢቀመጥም አንጎለ ኮምፒውተሩን አይነካም።

መዝጋት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። አፕ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ማያው ጥቁር ሆኖ ሲቀር፣ ወይም የባትሪ ገጹ ላይ አንድ አፕ ሳንጠቀምበት ከፍተኛውን ድርሻ ይዞ ሲገኝ፣ ያን አንዱን አፕ መዝጋት ትክክል ነው፤ ደጋግሞ ካደረገው ደግሞ ማዘመን ወይም ማራገፍ ይሻላል። መድረሻችን ከደረስን በኋላ መንገድ መምራቱን የቀጠለ ካርታ፣ ሳናጠፋው የረሳነው ሆትስፖት፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ቪፒኤን በእርግጥ ባትሪ ይበላሉ። እነዚህ ግን «ከጀርባ የቀሩ» አይደሉም፤ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ ማስቆሚያቸውም በየራሳቸው ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው። በመተግበሪያ ተሳፋሪ የሚቀበሉ የሜትር ታክሲ ሾፌሮችም ቀኑ ሲያበቃ አፑን ወደ ላይ ከመግፋት ይልቅ በውስጡ ከሥራ ወጣሁ የሚለውን መንካት አለባቸው፤ ያለበለዚያ የቦታ ጠቋሚው መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። አንድሮይድ 13 ያላቸው ስልኮች የማሳወቂያ መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ሲስቡ፣ ከግርጌው በዚያች ቅጽበት በእውነት እየሠሩ ያሉትን አፖች ቁጥር ያሳያሉ፤ ቁጥሩን ነክቶ አንዱን ብቻ ለይቶ ማቆም ይቻላል። ማጽጃው ይሠራዋል ከሚባለው ሥራ ጠቃሚው ክፍል ይኸው ነው፤ ስልኩ ውስጥ በነጻ ተቀምጧል።

2 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ስልክ የያዘ ሰው ከባድ ጨዋታ ዘግቶ የቪዲዮ ጥሪ ቢጀምር ለጊዜው ሊቀለው ይችላል፤ ይህን አልክድም። እግረ መንገዴን፣ ሱቅ ውስጥ «8 ጊጋ ራም ነው» የሚባልን ስልክ የሚገዛ ሰው ካርቶኑን ቢያነብ ጥሩ ነው፤ 4 ሲደመር 4 የሚል ከሆነ ሁለተኛው 4 ከማከማቻው የተበደረ ዘገምተኛ ቦታ እንጂ ራም አይደለም።

የአክስቴን ስልክ በእውነት ያንቀራፈፈው ሌላ ነገር ነበር። ከ32 ጊጋባይት ማከማቻው የቀረው ከ1 ጊጋባይት ያነሰ ነው። ማከማቻ ሲጠብ ስልኩ አዲስ ነገር ለመጻፍ ይቸገራል፣ አፖች ይዘገያሉ፣ ማዘመንም ይቆማል። ቦታውን የያዘው በብዛት የቴሌግራም ቻናሎች ያወረዱት ቪዲዮና ፎቶ ነበር፤ ከቴሌግራም ቅንብሮች ውስጥ ስለ ዳታና ማከማቻ የሚለው ክፍል ገብቼ የተጠራቀመውን አጸዳሁ፣ ከሳምንት በላይ የቆየው ራሱ እንዲጠፋ አደረግኩ፣ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳይወርድም ዘጋሁት። ዘጠኝ ጊጋባይት ተለቀቀ። ይህ የተለቀቀ ቦታ በማግስቱም፣ በሳምንቱም አብዛኛው እዚያው ነበር፤ የዳታ ፓኬጇም ከበፊቱ ይበልጥ ቆየላት። ማጽጃው «አላስፈላጊ ፋይል» እያለ በቀን ጥቂት ሜጋባይት ሲያነሣ ይህን ክምር አንድም ቀን አልጠቆማትም። ፋይል መለየት የሚከብደው ሰው ጉግል ራሱ የሚያቀርበውን ነጻ የፋይል መተግበሪያ ቢጠቀም በቂው ነው።

ስለ ማስታወቂያው ብዙ አልልም። ከእያንዳንዱ ጽዳት በኋላ አንድ፣ አንዳንዴም ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ሳይጠራ የሚመጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ማስታወቂያው ራሱ ዳታ ይበላል፣ ማያ ያበራል፣ ራም ይይዛል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ተጠቃሚን በሚያውክ ማስታወቂያ ምክንያት 600 ገደማ መተግበሪያዎችን ከመደብሩ አስወግዶ ነበር፤ የዚህ ዓይነቱ ልማድ ግን ገና አልጠፋም።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው። ይህን መተግበሪያ ማንም እንዲጭነው አልመክርም፤ በአዲስ ስልክ ላይ የሚለውን አይሠራም፣ ፈቃድ በተሰጠው ስልክ ላይ ደግሞ የሚሠራው ጉዳት ነው። የተጫነበት ሰው ሲያስወግደው ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ጥሩ ነው። በመጀመሪያ በቅንብሮች ውስጥ ተደራሽነት ከሚለው ክፍል ፈቃዱን ያጥፋ፤ አንዳንዶቹ ፈቃዱ እያለ ለማራገፍ ያስቸግራሉ። ቀጥሎ መተግበሪያውን ያራግፍ። ከዚያ በባትሪ ቅንብር ውስጥ ለጥሪ የሚጠቀምበትን አፕ ያለገደብ እንዲሠራ ይፍቀድለት። በመጨረሻም፣ ይህ እንዳይረሳ፣ ማጽጃው ያቆማቸውን አፖች አንድ በአንድ በእጁ ይክፈታቸው፤ በፎርስ ስቶፕ የቆመ አፕ ማጽጃው ቢራገፍም፣ ስልኩ ጠፍቶ ቢበራም፣ ባለቤቱ እስኪነካው ድረስ እንደቆመ ይቆያል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ አክስቴ ኢሞን በገዛ ጣቷ ከፈተችው፣ ወደ ዋናው ገጽ ወጣች፣ ማያውን ቆለፈች። ስልኩ የጠራው በዚያው ምሽት 4 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፤ ያነሣችው በሁለተኛው ጥሪ ላይ ነበር።